ስለ «ብያንግ» የሚወራውና እውነታው

ቻይንኛ አስተምራለሁ። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር ስልኩን አውጥቶ ያንኑ ፎቶ ያሳየኛል፤ ሺአን ከተማ ውስጥ ከአንድ ምግብ ቤት በር ላይ የተነሳ፣ ጭረት በጭረት ላይ የተደራረበበት ፊደል። ከሥሩም «የዓለም ከባዱ ፊደል፤ እያንዳንዱ ክፍል ምስጢር አለው» ተብሎ ተጽፎበታል። በየጊዜው ይህን ማረም ሰልችቶኛል።

ፊደሉ ብያንግ ይባላል። በሻንሺ ክፍለ ሀገር የሚበላ፣ እንደ ቀበቶ የሰፋ፣ በእጅ እየተሳበ የሚሠራ የስንዴ ኑድል መጠሪያ ነው፤ ስሙ ሲጠራ ሁለቴ ይደገማል።

«ከእሱ የሚከብድ የለም» ይባላል። አለ። ብያንግ በነባሩ አጻጻፍ 58፣ በተቃለለው 42 ጭረት ነው። «ዘንዶ» የሚለውን ፊደል አራት ጊዜ ደርድሮ የሚጻፈው፣ ትርጉሙም «ለፍላፊ» የሆነው ፊደል 64 ጭረት አለው።

«ቻይናዊ ሁሉ ይጽፈዋል» የሚሉም አሉ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የ8,105 መደበኛ ፊደላት ዝርዝር ውስጥ እንኳ የለም።

«የጥንታዊቷ ቻይና የቺን ሥርወ መንግሥት ሹም ሊ ስ ፈጠረው» የሚለውም ተረት ነው። ከዚያ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ100 ገደማ የተጠናቀቀው፣ 9,353 ፊደላት የያዘው መዝገበ ቃላት አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ1716 የወጣውና ከ47,000 በላይ ፊደላት የሰበሰበው የካንግሺ መዝገበ ቃላትም አልመዘገበውም። የኑድሉን ሒሳብ መክፈል ያቃተው ደሃ ተማሪ ፈለሰፈው የሚባለውም ማስረጃ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ፈረስ፣ ልብ፣ ቢላ፣ ንግግር፣ ጉዞ ተደምረው ትርጉም ይሰጣሉ» እየተባለ ረጅም ፍልስፍና ይተነተናል። ቻይንኛ እንዲህ አይሠራም! ከፊደላቱ አብዛኞቹ የሚሠሩት በሥራ ክፍፍል ነው፦ አንዱ ክፍል ትርጉሙን ይጠቁማል፣ ሌላው ድምፁን ይሰጣል። «ፈረስ» ሲነበብ «ማ» ነው። ከጎኑ «ሴት» ሲጨመር «እናት»፣ «አፍ» ሲጨመር የጥያቄ ማሳረጊያ፣ «ነፍሳት» ሲጨመር የጉንዳን ስም መነሻ ይሆናል፤ ሁሉም «ማ» ናቸው፣ ቃናቸው (የድምፁ አወጣጥና አወራረድ) ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። እናትን ከፈረስ ጋር የሚያገናኛት ድምፁ ብቻ ነው።

ብያንግ ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው። መሃሉ ላይ ፈረስ ቢኖርም «ማ» ተብሎ አይነበብም። የምግብ ስም ሆኖ ሳለ የስንዴ ምልክት የለውም፤ በነባሩ አጻጻፍ «ኑድል» የሚለው ተራ ፊደል ግን አለው። የሻንሺ ሰዎች ክፍሎቹን የሚያስታውሱት በግጥም ነው፦ ነጥብ ወደ ሰማይ ወጣ፣ ቢጫው ወንዝ በሁለት በኩል ታጠፈ፣ የፈረስ ንጉሥ መሃል ተቀመጠ እያሉ ይወርዳሉ። ግጥሙ የአጻጻፍ ማስታወሻ እንጂ ፍቺ አይደለም። ስሙ ራሱ በብዛት እንደሚነገረው ሊጡ ጠረጴዛ ላይ ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

አንድ ተማሪዬ ብያንግን ሳይሳሳት ይጽፋል። «እናት» ብለህ ጻፍ ስለው ግን «ሴት»ን ትቶ ፈረስ ብቻ ጻፈልኝ። ክፍሎቹ ለምን እንደተቀመጡ ማንም አላስረዳውም ነበር፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

አነባበቡን በተመለከተ፣ «ቢ-ያንግ» ብላችሁ አትክፈሉት፤ በአንድ ትንፋሽ ይባላል፣ ቃናው ወደ ላይ ይወጣል። መነሻው እንደ እኛ «ብ» አይደለም፤ ትንፋሽ ወደሌለው «ፕ» ይጠጋል። መደበኛው ቻይንኛ «ልያንግ» እና «ንያንግ» አለው፣ «ብያንግ» ግን የለውም። የድምፅ ሰንጠረዣችሁ ላይ ብታጡት ስህተቱ የእናንተ አይደለም።

መጻፍ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ «ፈረስ»፣ «ልብ»፣ «ንግግር»፣ «ረጅም» የሚሉትን ለየብቻ፣ የጭረት ቅደም ተከተላቸውን ጠብቃችሁ ተለማመዱ፤ በየቀኑ የምታገኟቸው እነሱን ነው። በስልክ ለመጻፍ ስትሞክሩ ባዶ ሳጥን ከመጣ ደግሞ አትደናገጡ። ዩኒኮድ (ኮምፒውተርና ስልክ የሚጠቀሙበት የዓለም ፊደላት መዝገብ) ፊደሉን ያስገባው በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ብዙ ፎንቶች ገና አልያዙትም።