መድኃኒት የማይበግረው በረሮ፦ «መቋቋም» ምንድን ነው?

«በረሮዎቹ መርዙን ለምደውታል፤ መጠኑን እጥፍ አድርጉት።» ይቺ ምክር ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ ጽፏት አየኋት። ስንቴ ዝም ብዬ አለፍኳት! አሁንስ በዛ።

አንድ በረሮ መርዝ እየቀመሰ አይጠነክርም። ወይ ይሞታል፣ ወይ ይተርፋል። የተረፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲፈለፈልም ዕድለኛ ነበር። አብዛኛው የቤት ስፕሬይ ፓይሬትሮይድ የሚባል መርዝ አለው። የሚገድለውም የነርቭ ሴል ላይ ያለውን የሶዲየም በር (የነርቭ መልእክት የሚነሳበትን ቀዳዳ) ከፍቶ በማስቀረት ነው። በዘረ መሉ ምክንያት የበሩ ቅርጽ ትንሽ ለየት ያለ በረሮ ላይ መርዙ እንደ ልቡ አይሠራም። ሌላው መርዙን የሚሰባብር ኢንዛይም በገፍ ያመርታል።

ስፕሬዩን ወንፊት በሉት። ወንፊት ፍሬ አያሳንስም፤ ትንሹን ለይቶ ያሳልፋል እንጂ። ካለፉት የሚወለዱትም አብዛኞቹ ማለፍ ይችላሉ። «መቋቋም» የሚባለው ይኸው ነው። የጀርመን በረሮ የምትባለው ትንሿ የቤት በረሮ ደግሞ በአንድ የእንቁላል ከረጢት ከ30 እስከ 40 እንቁላል ትይዛለች፤ ቤቱ እስኪሞላ ጊዜ አይፈጅባትም። «ሌላ ስም ያለው ገዛሁ» ትሉኛላችሁ። ጣሳውን አዙራችሁ አንብቡ። ፐርሜትሪን፣ ሳይፐርሜትሪን፣ ዴልታሜትሪን ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። እጀታው ሌላ ቀለም የተቀባ ያው ወንፊት! መቀየር ያለበት የመርዙ አሠራር ነው። እጥፍ መጠን ግን የሚጎዳው ቤቱ ውስጥ የሚተነፍሰውን ሰው ነው።

ያልሞተ በረሮ ሁሉ ግን «ተቋቋመ» አይባልም። መሬቱን ነፍታችሁ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ያለውን ስንጥቅ ከተዋችሁት፣ መርዙ መቼ ነካውና? ከረጢቱ ውስጥ ያለው እንቁላልም በስፕሬይ በቀላሉ አይሞትም። ዛሬ ጠርጋችሁ ከሳምንታት በኋላ ጫጩቶች ብታዩ አትደነቁ።

መቋቋም በሰውነት ብቻም አይደለም፤ በጠባይም ነው። ግሉኮስ የሚባለውን ስኳር የሚሸሹ የጀርመን በረሮዎች አሉ። ለእነሱ ግሉኮስ ጣፋጭም መራራም ሆኖ እንደሚሰማቸው እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ በግሉኮስ የተሠራ መርዛማ ማጥመጃ ምግብ አይነኩም። ጄል (እንደ ቅባት ያለ ማጥመጃ) ስታስቀምጡም በጠብታ በጠብታ፣ ማጠፊያዎችና ስንጥቆች ውስጥ አድርጉት። አጠገቡ ስፕሬይ አትንፉ፤ ሽታው ያባርራቸዋል፣ ጄሉም ሳይነካ ይደርቃል።