ፌራሪ የሚገዛ ሁሉ ጉረኛ አይደለም

ደሴ ላይ ጋራዥ ከከፈትኩ ጀምሮ አንድ ወሬ አልለቀቀኝም። ከልጆቹ አንዱ ስልኩን አውጥቶ የላምቦርጊኒ ቪዲዮ ያሳያል። መኪናውን ሊያሠራ የመጣው ደንበኛ ከንፈሩን ይመጥጣል። «ወላሂ ጉራ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሉታል! በዚህ ብር ስንት ፎቅ ይቆም ነበር!» ይላል። የቆመው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። በቃ፣ ተፈረደ።

እኔ እንደ ብዙ የወሎ ልጅ ዓረብ አገር ሠርቼ የተመለስኩ ነኝ። ዱባይ የነበርኩበት ጋራዥ የሚጠግነው እንዲህ ያሉ መኪኖችን ነበር። ፈትቼ ገጥሜያቸዋለሁ። ባለቤቶቻቸውንም በቅርብ አውቃለሁ። ስለዚህ ፌራሪ በዓይኑ ያላየ ሰው በልበ ሙሉነት ሲፈርድ መስማት ሰልችቶኛል። የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

«ቀይ መኪና ይፈጥናል»

አይፈጥንም። ድሮ በመኪና ውድድር እያንዳንዱ አገር የራሱ ቀለም ነበረው። ለእንግሊዝ አረንጓዴ፣ ለፈረንሳይ ሰማያዊ፣ ለጣሊያን ቀይ ደረሰ። የፌራሪ ቀይ ከዚያ የመጣ ነው።

«ላምቦርጊኒ ከጥንትም የቅንጦት ፋብሪካ ነው»

ፌሩቾ ላምቦርጊኒ የወይን ገበሬዎች ልጅ ነው። ሀብት ያፈራው ትራክተር እየሠራ ነው። የስፖርት መኪና ፋብሪካውን ያቋቋመው በ1963 ሲሆን ትራክተሩ ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ገበያ ላይ ነበር።

«ሞተሩን ከኋላ የሚያደርጉት ለየት ለማለት ነው»

ሞተር ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ ከባዱ ነው። ወደ መሃል ሲጠጋ መኪናው ለመሪ ቶሎ ይታዘዛል፣ ኩርባ ላይም አይጎተትም። በ1966 የወጣው ላምቦርጊኒ ሚዩራ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተሩን ከሾፌሩ ጀርባ በአግድም ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ፖርሽ 911 ደግሞ ከኋላ ጎማዎቹ አሳልፎ አስቀምጦታል።

ይሄ የሚገርመው ሰው ቮልስን ያስታውስ። የቮልስን ንድፍ ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። በቤተሰቡ ስም በ1948 የወጣው ፖርሽ 356 ብዙ ዕቃው ከቮልስ የተወሰደ ነበር። 911ም እስከ 1998 ድረስ ሞተሩ እንደ ቮልስ በአየር ነበር የሚቀዘቅዘው። ደሴ ላይ ቮልስ ሲፈታ ያረጀ መካኒክ አሮጌ 911 ቢያመጡለት ብዙ አይደናገርም።

«የሚገዙት ለጉራ ነው»

ዋናው ይሄ ነው። እዚህ ላይ እቆያለሁ።

ጉረኛ የለም አላልኩም። ዱባይ አንድ ወጣት ደንበኛ ነበረን። አዲስ ላምቦርጊኒ ገዛ። ስለ ዘይቱ ስናስረዳው ስልኩን ነበር የሚያየው። የመኪናውን ሞተር የሲሊንደር ብዛት እንኳ አያውቅም። ጓደኞቹ መኪናውን ሲለምዱት ሸጠውና ሌላ ነገር ገዛ። የጉረኛ ጠባይ እንደዚህ ነው። ደስታው በተመልካቹ ዓይን ውስጥ ስለሆነ ተመልካች ሲሰለች እሱም ይሰለቻል።

አፍቃሪው ሌላ ሰው ነው። እዚያው ጋራዥ የሚመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። በአየር የሚቀዘቅዝ አሮጌ 911 አላቸው። የዚያ ሞተር የቫልቭ ክፍተት በየጊዜው በእጅ ይስተካከላል። ሥራው አድካሚ ነው። እሳቸው ወንበር አስመጥተው አጠገባችን ይቀመጣሉ። ሞተሩ ሲነሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን «አንዱ ቫልቭ ላልቷል» አሉን። እኛ አልሰማንም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ስንለካው ግን እውነታቸውን ነበር። እኚህ ሰው መኪናቸውን የሚነዱት ከፈጅር ሶላት በኋላ፣ ጎዳናው ባዶ ሳለ ነው። በዚያ ሰዓት ማን አይቶ ያድንቅላቸው?

የእሳቸው ምሳሌ ካልበቃ ፋብሪካዎቹን ተመልከቱ። ፌራሪ በ1987 ኤፍ40ን አወጣ። ኤንዞ ፌራሪ በሕይወት ሳለ ፈቃዱን የሰጠው የመጨረሻው መኪና ነው፤ በማግስቱ ዓመት ሞተ። መኪናው ሬዲዮ የለውም። ምንጣፍ የለውም። በሩ ከውስጥ የሚከፈተው ገመድ ተስቦ ነው። የእኛ ዶልፊን እንኳ ከዚህ የተሻለ ምቾት አለው። ያም ሆኖ ሰው ተሻምቶ ገዛው፣ ዛሬም እየፈለገ ይገዛዋል። ምክንያቱ በመሪው፣ በመቀመጫውና በፔዳሉ በኩል መኪናው የሚያደርገውን ሁሉ ለሾፌሩ ስለሚነግረው ነው። በመሪና በመንገድ መካከል የገባ ነገር የለም።

ሌላ ማስረጃ። ፖርሽ በ2013 ያወጣው 911 ጂቲ3 ማርሹን ራሱ የሚቀይር ብቻ ነበር። በሰዓት ሲለካ ከበፊቱ ፈጣን ነው። ገዢዎቹ ግን አኮረፉ። በእጅ የሚቀየረው ማርሽና ፍሪሲዮኑ ይመለስልን አሉ። ፖርሽም በ2017 መለሰላቸው። እስቲ አስቡት። ሰዎቹ ዘገምተኛውን መርጠው ነው የጠየቁት። ከውጭ የሚያይ ሰው መኪናው በእጅ ይቀየር በራሱ ይቀየር አይለይም። የሚያውቀው መሪውን የያዘው ብቻ ነው።

ወሎዬ ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። የድሮ መኳንንት ለመንገድ በቅሎ ነበራቸው። ረጅሙን ጉዞ በበቅሎ ይሄዳሉ፤ ፈረሱ ሳይጫን ከጎን ይሳባል። ፈረሱ ለጦር ሜዳና ለጉግስ ነው። ባለቤቱ በፈረሱ ስም ይጠራል። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ኢያሱ «አባ ጤና» የተባሉት በዚህ ወግ ነው። «በቅሎ እያላቸው ፈረስ ምን ያደርግላቸዋል?» ያለ ሰው አልነበረም። ፌራሪ ዓርማው ላይ ያለውን ፈረስ ያገኘውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከተዋጋ ጣሊያናዊ አብራሪ ከፍራንቼስኮ ባራካ ነው። የዱባዩ አዛውንትም ገበያ የሚሄዱበት ሌላ መኪና ነበራቸው። ፖርሹ ፈረሳቸው ነበር።

የእጅ ሥራ ፍቅርም አለ። ማክላረን ኤፍ1 የተባለውን መኪና የነደፈው ጎርደን መሪ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። የሾፌሩን መቀመጫ መሃል ላይ አደረገው፤ ተሳፋሪዎቹ በግራና በቀኝ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀመጣሉ። የሞተሩን ክፍል በስስ ወርቅ አለበሰው። ወርቁ የገባው ሙቀትን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ነው፤ ኮፈኑ ካልተከፈተ ማንም አያየውም። የተሠሩት 106 ብቻ ናቸው። እንደ እኔ ያለ መካኒክ እንዲህ ያለ ሥራ ሲያይ ለሠራው ሰው ክብር ይሰማዋል። ባለቤቱም የሚሰማው ይሄው ነው።

«ዋናው ፍጥነት ነው»

ስለ ጂቲ3 ያልኩት ይበቃል። ግን አንድ ልጨምር። በ1989 የወጣው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ትንሽ፣ ቀላልና ጉልበቱም መጠነኛ ነው። እስከ 2016 አንድ ሚሊዮን ተሠርቶለታል። ቀላል መኪና በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ኩርባ ሲይዝ የሚሰጠውን ደስታ ከባድ መኪና በ200ም አይሰጥም።

«ገንዘብ ማስቀመጫ ነው፣ ዋጋው ይጨምራል»

የጥቂቶቹ ይጨምራል። 36 ብቻ የተሠራው ፌራሪ 250 ጂቲኦ በ2018 ጨረታ ላይ በ48.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። አብዛኛው ግን እንደማንኛውም መኪና ከሱቅ ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል። ለትርፍ የሚገዛ መሬት ይግዛ።

«ውድ ስለሆነ አይበላሽም»

ይሄን የሚል ሰው ፌራሪ ኤፍ355 ይመልከት። የታይሚንግ ቺንጋውን ለመቀየር ሞተሩ በሙሉ ወርዶ ነው። ሥራውን አውቀዋለሁ፤ ቀናት ይፈጃል። ደግሞ እነዚህን መኪኖች የሚገድላቸው መቆም ነው። ሳይነዱ ሲቀሩ ጎሚኒዎቹ ይደርቃሉ፣ ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው ያረፈበት በኩል ይጎብጣል። በሸራ ተሸፍኖ ከርሞ የመጣልን መኪና ሁልጊዜ ከሚነዳው የባሰ ነበር። ለእናንተ ቪትዝም ይሠራል። መኪናችሁን አታስተኙት።

«ደሴ ብናመጣው እንደ ቪዲዮው ይበር ነበር»

አይበርም። ሞተር የሚሠራው ነዳጅ ከአየር ጋር አቃጥሎ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ከ20 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ላምቦርጊኒ አቬንታዶር በ2011 ሲወጣ 700 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ቱርቦ የለውም። ደሴ ላይ ከ140 በላይ የፈረስ ጉልበት ያጣል። ያ የአንድ ደህና ቤት መኪና ሙሉ ጉልበት ነው። ቱርቦ ያለው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ይቀንሳል። ከሚሌ ቆላ የሚመጡ ሾፌሮች ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሲወጡ «ሞተሩ ደከመ፣ እይልኝ» እያሉ ይመጡብኛል። ሞተሩ ጤነኛ ነው። አየሩ ነው ያነሰው። በከንቱ ካንዴላ አታስቀይሩ።

የስፖርት መኪና ሆዱም ከመሬት ያለው ከፍታ አንድ ስንዝር አይሞላም። የእኛን የፍጥነት መገደቢያ ጉብታ ያውቃሉ? እዚያው ተቀምጦ ይቀራል።

«የእኔም ቪትዝ ማርሚታው ቢወልቅ ስፖርት ይሆናል»

ይሄን የሚሉት ወጣቶች ናቸው። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፤ የመኪና ፍቅር አላቸው። ለዚህ ነው በቁም ነገር የምመክራቸው።

ማርሚታ ማውለቅ ጩኸት ይጨምራል፣ ጉልበት ግን አይጨምርም ማለት ይቻላል። የፌራሪ 458 ድምፅ የመጣው ሞተሩ በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር እንዲዞር ተደርጎ ስለተሠራ ነው። በመጋዝ የሚገኝ አይደለም። ሞላ ቆርጦ መኪና ዝቅ ማድረግ ደግሞ አደገኛ ነው። አጭሩ ሞላ ጉድጓድ ላይ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ሾክ አብዞርበሩም ሥራውን መሥራት ያቆማል። ሞላ ቁረጥልኝ ብሎ የመጣን ልጅ ሁሉ መልሻለሁ፤ አሁንም እመልሳለሁ።

ብር ካላችሁ ጎማ ላይ አውሉት። ጎማው ጎን ላይ በአራት አኃዝ የተሠራበት ጊዜ ተጽፏል። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳ ያረጀ ጎማ ዝናብ ላይ ይከዳል። ቀጥሎ የፍሬን ዘይት። ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚጠጣ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየር። እርጥበት የያዘ ዘይት ሲግል ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርዱ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ሞተሩ ይያዛችሁ። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ማርሽ አውጥቶ የሚንከባለል ሰው ፍሬኑን ያቃጥላል። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ይዞ ጋራዥ የሚመጣ መኪና አይጠፋም። ያልመጡም አሉ።

«ቤንዚን መኪና ስለተከለከለ ነገሩ አበቃ»

መንግሥት በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ማስገባት መከልከሉን አስታውቋል። እውነት ነው፣ የ12 ሲሊንደሩን ድምፅ ደሴ ላይ የምንሰማ አይመስለኝም፤ ያሳዝነኛል። ፍጥነቱ ግን አልጠፋም። ክሮኤሽያ ውስጥ የተሠራው ሪማክ ኔቬራ በ2022 በሰዓት 412 ኪሎ ሜትር ነድቷል፤ በኤሌክትሪክ። ለእኛ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም። ስለዚህ ደሴም ጅቡቲም ጉልበቱ ያው ነው።

ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ ይሄን ያዙ። ቁልቁል ስትወርዱ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ባትሪው ግን ደሴ ላይ ጢም ብሎ ከሞላ የሚገባበት ቦታ የለም፤ ያን ጊዜ መያዙን ይቀንሳል። ወደ ኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ስለምትወርዱ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ማለዳ ሐረጎን የምትወርዱ ከሆነ ማታ 90 በመቶ ላይ ቻርጁን ንቀሉት።