ድራይ ሱት ለብሶ መጥለቅ፦ የሚባለውና እውነታው

ሲያትል ብዙ ሐበሻ ያለበት ከተማ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሲክረስት ፓርክ ሄዶ ባሕር ውስጥ የሚጠልቅ ሐበሻ ግን እስካሁን ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም መስታወት ውስጥ። ታዲያ ድራይ ሱት የሚባለውን ጥቁር የመጥለቂያ ልብስ ከመኪናዬ ሳወርድ ያየኝ ያገር ልጅ ሁሉ ጥያቄ ያወርድብኛል። «አይበርድህም?» «ቢቀደድስ?» «ተዘቅዝቀህ ብትቀርስ?» ኮርሱን ከመጀመሬ በፊት እነዚህ የራሴም ጥያቄዎች ነበሩ። ገሚሱን ስህተት ደግሞ ዓመታት የጠለቁ ሰዎች ሳይቀሩ በልበ ሙሉነት ሲያወሩት ሰምቻለሁ።

መጀመሪያ ልብሱን ላስተዋውቅ። ፑጀት ሳውንድ የሚባለው የሲያትል ባሕር ውሃ ክረምት ከበጋ ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ውሃ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይነጥቃል። ዌት ሱት የሚባለው ልብስ ጥቂት ውሃ አስገብቶ ያንኑ ውሃ በሰውነት ሙቀት ያሞቃል። ድራይ ሱት ግን በአንገትና በእጅ አንጓ ላይ በላስቲክ ታሽጎ፣ ውሃ በማያሳልፍ ዚፕ ተዘግቶ፣ ውስጡ አየር ይይዛል። ደረቱ ላይ፣ በጀርባ ከሚታዘለው ሲሊንደር አየር የሚያስገባ ቫልቭ፣ ግራ ክንዱ ላይ የሚያስወጣ ቫልቭ አለው። ጥቅሙም ጣጣውም ከዚህ አየር ነው።

«ልብሱ ራሱ ያሞቃል»

ከስስ ጨርቅ የተሠራው አያሞቅም፤ ከዝናብ ካፖርት ብዙም አይሻልም። ኒዮፕሪን ከሚባለው ስፖንጅ መሳይ ላስቲክ የተሠራው በራሱ የተወሰነ ሙቀት ይይዛል። ዋናው ሙቀት የሚመጣው ግን ከሥር ከሚለበሰው ልብስ፣ እሱም በክሮቹ መሀል ከሚይዘው አየር ነው። ይህ ተነግሮኝ ነበር። ንቄው የመጀመሪያውን ቀን በጥጥ ቱታና በጥጥ ካናቴራ ገባሁ። ሲሊንደርና እንዳልንሳፈፍ የምታጠቀውን ከባድ እርሳስ (ብረቱን) ተሸክሜ ከመኪና ማቆሚያው ውሃው ጋ ስደርስ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ጥጡ ላቡን ጠጥቶ ቁጭ አለ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጥርሴ የነከሰውን የአየር መተንፈሻ ያንቀጫቅጨው ጀመር። በጋቢ ላደገ ሰው ጥጥ አያሞቅም ማለት ስድብ ይመስላል፤ ጋቢም ግን የሚያሞቀው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው። አሁን ከውስጥ ስስ የሱፍ ሹራብ፣ በላዩ ወፍራም የሰው ሠራሽ ክር ቱታ እለብሳለሁ፤ ላቤም ከቆዳዬ ይርቃል።

«ድራይ ከተባለ ጠብታ አይገባም»

ይገባል። ጭንቅላት በዌት ሱት ቆብ ስለሚሸፈን ይረጥባል። የእጅ ጓንትም ለብቻው የሚታሸግ ዓይነት ካልሆነ እንዲሁ። አንድ ነገር ጠበቅ አድርጋችሁ ስትጨብጡ እጅ አንጓ ላይ ጅማቱ ይገተርና ከጎኑ ትንሽ ቦይ ይከፈታል፤ ውሃው በዚያች ሾልኮ እስከ ክርን ይደርሳል።

ለእኛ ሰዎች ግን ሌላ የሚነገር አለ። አንዲት የፀጉር ዘለላ በአንገት ላስቲኩ ሥር ካለፈች የውሃ መንገድ ሆነች ማለት ነው። ሹሩባ የተሠራች ሴት ፀጉሯን ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ሰብስባ ካላሰረች ጀርባዋ ይረጥባል። ፀጉር የተቀባ ቅቤ፣ አንገት የተቀባ ቫዝሊንም የላቴክስ ላስቲክ ጠላት ነው፤ ላቴክሱን ያልሰዋል፣ ውሎ አድሮ ይቀደዳል። ልብሱን የምትለብሱበት ቀን አንገትና እጅ አንጓ ከቅባት ንጹሕ ይሁን። ላስቲኩ በቀላሉ እንዲገባ ዱቄት ነስነስ ማድረግ በቂ ነው።

«አየር በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ከላይ የአየር ግፊት 1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ነው፤ 10 ሜትር ሲጠለቅ 2፣ 20 ሜትር 3 ባር ይሆናል። ልብሱ ውስጥ ያለው አየር 10 ሜትር ላይ በግማሽ፣ 20 ሜትር ላይ ወደ ሲሶ ይጨመታል። በመንገድ ላይ አየር ካልጨመራችሁ ልብሱ ቆዳን ይቆነጥጣል። እኔ አንድ ቀን የአየር ቱቦውን ደረቴ ላይ በደንብ ሳልሰካው ወርጄ፣ ማታ ሳወልቅ ጭኔና ብብቴ ላይ በአለንጋ የተገረፍኩ የሚመስል ቀይ ሰንበር አገኘሁ።

ከዚህ ተነስተው «እንግዲያው መሙላት ነዋ!» የሚሉ አሉ። አይደለም። ቁንጥጫው እስኪለቅ፣ የሥር ልብሱም እስኪነፋ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነው አየር ከትከሻ ወደ እግር፣ ከእግር ወደ ትከሻ የሚንከባለል ጣጣ ነው። አሰልጣኞች ራሳቸው እዚህ ላይ ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ ውሃ ውስጥ ሚዛን የሚጠበቀው በልብሱ አየር ብቻ ነው ብለው ያስተምራሉ፤ ሌሎቹ ልብሱን ለቁንጥጫውና ለሙቀቱ፣ ቢሲዲ የሚባለውን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ደግሞ ለሚዛን ተጠቀሙ ይላሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። ክርክሩ የሚጋጋለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ከሚገባው በላይ እርሳስ ሲታጠቅ ነው፤ ብዙ እርሳስ ብዙ አየር ይፈልጋልና። መለኪያው ቀላል ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ 50 ባር ገደማ ሲቀር፣ ሰደርያውን አራግፋችሁ 5 ሜትር ላይ ሳትንሳፈፉ መቆየት ከቻላችሁ እርሳሱ በቂ ነው። ለምን መጨረሻ ላይ? ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ ውስጡ ያለው አየር ብቻ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አየሩን ተንፍሳችሁ ስትጨርሱ ያን ያህል ቀልላችኋል ማለት ነው።

«እግር ወደ ላይ ከሆነ አበቃ»

ይህኛው ፍርሃት መሠረት አለው። በሲክረስት ፓርክ ጠላቂዎች ኮቭ ቱ በሚሉት ስፍራ ግዙፉ የፓስፊክ ኦክቶፐስ፣ ባለ ስምንት ክንዱ የባሕር እንስሳ፣ አለ። (ዋሽንግተን ግዛት በ2013 ይህን ጨምሮ በሰባት ቦታዎች ኦክቶፐስ ማጥመድን ከልክሏል፤ ጎሽ ያሰኛል።) ኦክቶፐሱን ለማየት ደግሞ ከሰመጠ እንጨት ሥር ጎንበስ ብሎ ማሾለቅ ግድ ነው። ጭንቅላት ዝቅ ሲል አየሩ ወደ እግር ይሮጣል። ቦቲው ይነፋል፣ እግር ይነሳል፤ የአየር ማስወጫው ቫልቭ ክንድ ላይ ስለሆነ ከእግር ጋር የተሰበሰበውን አየር ማስወጣት አይችልም። ወደ ላይ በተነሳችሁ መጠን አየሩ ይሰፋል፣ አየሩ በሰፋ መጠን ትፈጥናላችሁ። ከ30 ወደ 20 ሜትር ሲወጣ አየሩ በሲሶ ነው የሚጨምረው፤ ከ10 ሜትር እስከ ላይ ግን እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ጥልቅ ያልሆነው ውሃ የበለጠ የሚያስቸግረው።

ግን መፍትሔ አለው፤ ኮርሱ ውስጥም ደጋግማችሁ የምትሠሩት እሱን ነው። ጉልበትን ወደ ደረት ሰብስቦ እንደ ኳስ መጠቅለል፣ ተገልብጦ ጭንቅላትን ወደ ላይ ማምጣት፣ ወዲያው የግራን ክርን ከፍ አድርጎ አየሩን ማስወጣት። ገንዳ ውስጥ ሦስት ጊዜ ከሸፈብኝ፤ አራተኛው ላይ ሰውነቴ ራሱ አወቀው። ቁም ነገሩ መዘግየት የለም፤ እግር ቀለል ማለት ሲጀምር ነው መጠቅለል። ደግሞም ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የተዋሱት ልብስ ነው፤ እግሩ ጋ የሰፋ ልብስ ለአየር የተዘጋጀ ጎተራ ነው።

«ውሃ ከገባበት እንደ ድንጋይ ያሰምጣል»

ውሃ ውሃ ውስጥ አይከብድም። የምታጡት አየሩን፣ ማለትም መንሳፈፊያውንና ሙቀቱን ነው፤ ለመንሳፈፉ ሰደርያው አለላችሁ። ይህን ያወቅሁት በራሴ ስህተት ነው፦ አንድ ቀን ዚፑን ሁለት ጣት ያህል ሳልዘጋው ገባሁ። ቀዝቃዛው ውሃ በወገቤ ዞሮ ቀስ ብሎ ቁርጭምጭሚቴ ጋ ሲደርስ ተሰማኝ። ለጓደኛዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት፣ ሰደርያዬን ትንሽ ነፋሁ፣ እንደ ሌላው ቀን ረጋ ብለን ወጣን። የከበደኝ ዳር ስደርስ ነው። ቆሜ ልራመድ ስል ሁለቱም እግሮቼ እንደ ሞላ እንስራ ከበዱ፤ ጠጠሩ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ እግሬን ሽቅብ አንስቼ ውሃውን ማፍሰስ ነበረብኝ፤ ውሻ የሚያናፍሱ ሰዎች ቆመው አዩኝ። ከዚያ ወዲህ ዚፔን ራሴ ዘግቼ፣ ጓደኛዬም በጣቱ ዳስሶ ሳያረጋግጥ አልገባም።

«ለባለ ብዙ ልምዶች ነው»

አይደለም። እዚህ አገር የመጀመሪያውን የመጥለቅ ኮርስ በቀጥታ በድራይ ሱት የሚማሩ አሉ። ፓዲ በሚባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት ሥርዓት ለብቻው የሚሰጠው ኮርስ አንድ ጊዜ ገንዳ፣ ሁለት ጊዜ ባሕር ነው። ወረቀቱ ግን ጥቅም አለው። አይስላንድ በሚገኘው ሲልፍራ፣ ውሃው ዓመቱን ሙሉ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ በሆነበት ስንጥቅ ውስጥ፣ ለመጥለቅ የድራይ ሱት ምስክር ወረቀት ወይም በዚሁ ልብስ የተመዘገበ ልምድ ይጠየቃል።

«ውሃ ሳትጠጣ ግባ»

ይህችን ጥያቄ ሰው ሁሉ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ነው የሚጠይቀኝ፦ «ሽንትስ?» ብዙዎች መልሱ ከጠዋት ጀምሮ አለመጠጣት ይመስላቸዋል። ቅዝቃዜው ራሱ ሽንት ያበዛል፤ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ደግሞ ለጠላቂ ጥሩ አይደለም። ልብሱ ጭን ላይ በቱቦ የሚያስወጣ ቫልቭ ሊገጠምለት ይችላል፤ ለሴቶችም የሚሆን መግጠሚያ አለ። ርካሹ መፍትሔ ግን የአዋቂ ዳይፐር ነው። የመጀመሪያውን ስገዛ ሒሳብ የምትቀበለዋ ያገሬ ልጅ ሆና ተገኘች። እሽጉን አየች፣ እኔን አየች።

«ለእማማ ነው?»

«አዎ።»

«እግዜር ይማርልህ።»

አሜን ብዬ ወጣሁ።