ክረምት የከረመ መሶብ፦ በእንክብካቤ ስም የምንሠራቸው ስህተቶች

ዳንግላ፣ ባደግሁበት ቤት፣ የእናቴ መሶብ ሰኔ ሲገባ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በገመድ ተጠፍሮ ቆጥ ላይ ይወጣ ነበር። አንድ ዓመት ለዕንቁጣጣሽ ስናወርደው ፌስታሉ በውስጥ በኩል ጠብታ በጠብታ ሆኗል፤ በቀዩና በአረንጓዴው አለላ (ቀለም የተነከረ የስፌት ሣር) መካከል ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ሻጋታ ወጥቷል። እናቴ ጣሪያው ያፈሰሰ መስሏት ቀና አለች። ጣሪያው ደህና ነበር።

«ፌስታል እርጥበት አያስገባም» እንላለን። እውነት ነው፣ አያስገባም፤ ግን አያስወጣምም። መሶብ የሚሰፋባቸው ስንደዶና አክርማ ሣር ናቸውና ከአየሩ እርጥበት ይመጥጣሉ። በእጅ ሲዳሰስ የደረቀ የሚመስለው መሶብ በክረምት ውስጡ እርጥበት አለው። ሌሊት ሲበርድ ያ እርጥበት ፌስታሉ ላይ ውሃ ሆኖ ይቋጥርና ተመልሶ ስፌቱ ላይ ይወርዳል። የታፈነው አየር አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ መያዝ ከሚችለው እርጥበት የያዘው ድርሻ) ከ70 በመቶ አልፎ ለቀናት ከቆየ ለሻጋታ የተመቸ ነው። ስለዚህ መሶብም ሆነ ሰፌድ መጀመሪያ በደንብ ይድረቅ፤ ከዚያ በታጠበ አቡጀዴ ወይም ባረጀ ነጠላ ይጠቅለል። ጨርቅ አቧራውን ይከለክላል፣ አየሩን ያሳልፋል። ውሽንፍር ከሚመታው ግድግዳም ፈቀቅ ይበል።

«የሻገተ ስፌት በውሃና በሳሙና ይታጠባል» የሚሉም አሉ። እኛም ያን ቀን ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ቀዩ ቀለም ወደ ነጩ የፈሰሰበት ቦታ ዛሬም አለ። እባካችሁ ውሃ አታስነኩት። በረኪናማ ጭራሽ ቀለሙን ይበላዋል። ውጭ አውጥቶ፣ አፍንጫን ሸፍኖ፣ ሻጋታው ሲደርቅ በለስላሳ ብሩሽ የስፌቱን ዙር ተከትሎ ማራገፍ ይበቃል።

ፀሐይ ላይ ማስጣትስ? አለላው ይደበዝዛል፣ የአገልግሉ ቆዳ ይሰነጠቃል። ነፋስ ያለው ጥላ ይሻላል።

«ጭስ ይጠብቀዋል» የሚለውን የአያቶቻችንን ነገር አልንቅም። የምድጃው ሙቀት ያደርቃል፣ ጭሱም ነፍሳትን ያሸሻል። ችግሩ ጥቀርሻው ነው፦ ቅባትነት ስላለው አቧራ ይይዛል፣ ስፌቱ መሃል ከገባ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ሙቀቱ የሚደርስበት፣ ጭሱ የማይደርስበት ጥግ ፈልጉለት።

ጨው በጨርቅ ቋጥሮ መሶቡ ውስጥ መክተትም የተለመደ ነው። ጨው እርጥበት መሳቡ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንጻራዊ እርጥበቱ 75 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ራሱ ሟሙቶ ውሃ ይሆንና ያንኑ ስፌት ያረጥበዋል።

ናፍታሊን ለብል እንጂ ለእርጥበት አይሆንም፤ ትነቱም ጎጂ ነው። እንጀራ የሚቀርብበት መሶብ ውስጥ በፍጹም አይግባ። ይልቅ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ገለጥ ባለ ቁጥር አውርዳችሁ ክዳኑን ክፈቱት፣ መዳፋችሁን ወደ ውስጥ ሰዳችሁ ግርጌውን ዳስሱት፤ ቀዝቀዝ ካላችሁ ወይም ሽታው ከተለወጠ እስኪደርቅ ድረስ አትመልሱት።