ሻን ፊሊፕስ፦ ሬዲዮ እንግሊዝኛ ያስተማራት ተዋናይት

ስሟ ሲጻፍ ሌላ፣ ሲጠራ ሌላ ነው። በላቲን ፊደል ያየው ሰው «ሲያን» ብሎ ያልፋል። አገሯ ዌልስ ግን «ሻን» ነው የምትባለው። በእኛ ፊደል ጣጣ የለውም፤ ሻን ፊሊፕስ ብሎ መጻፍ ነው። ስትወለድ የወጣላት ስም ጄን ነበር። ትምህርት ቤት ስትገባ የዌልሽኛ አስተማሪዋ ስሟን ወደ ቋንቋቸው መልሰው «ሻን» አሏት። ስሙ በዚያው ጸና።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1933 ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ዕድሜዋን ላሰበ «እሳቸው» ማለት ይገባ ነበር። ታሪኩ ከልጅነቷ ስለሚጀምር ግን «እሷ» እያልኩ ልቀጥል፤ ቅር አይበላችሁ።

መንደሯ ግዋይን-ካይ-ጊርወን ትባላለች። ደቡብ ዌልስ ውስጥ ያለች፣ በድንጋይ ከሰል የኖረች መንደር ናት። የራግቢው ጀግና ጋሬዝ ኤድዋርድስ ያደገውም እዚያው ነው። ለአንዲት ትንሽ መንደር ሁለት እንዲህ ያለ ሰው ከበቂ በላይ ነው። የሻን አባት ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ በኋላ ፖሊስ ሆነ። እናቷ አስተማሪ ነበረች። ቤት ውስጥ የሚነገረው ዌልሽኛ ነው። ግለ ታሪኳ ላይ እንደጻፈችው፣ ለብዙ የልጅነት ዓመታት ሌላ ቋንቋ አትናገርም ነበር። እንግሊዝኛን የለመደችው ሬዲዮ እየሰማች ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ዌልስ የእንግሊዝ ጎረቤት ስለሆነች ቋንቋዋም የእንግሊዝኛ ቀበልኛ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። ሁለቱ የሚዛመዱት በሩቁ ነው፤ አማርኛና ኦሮምኛ በሩቁ እንደሚዛመዱት ዓይነት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንዳንድ የዌልስ ትምህርት ቤቶች ዌልሽኛ ሲናገር የተገኘን ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ያንጠለጥሉበት ነበር። በ1911 የሕዝብ ቆጠራ 43 በመቶ ያህሉ ዌልሽኛ ተናጋሪ ነበር። በ2021 ቆጠራ የቀረው 17.8 በመቶ ነው፤ 538 ሺህ ሰው ገደማ። በመንደሯ ቋንቋ ሕልም የምታልም ሕፃን፣ ሬዲዮኑ ሥር ቁጭ ብላ የሌላ ሰው ቋንቋ ስትለቅም ይታያችሁ። በኋላ ይህቺው ልጅ በዚያው በሌላ ሰው ቋንቋ የሮም እቴጌ ሆና እንግሊዞቹን ታስደነግጣለች።

የሥራ ሀሁዋም ሬዲዮ ነበር። በ11 ዓመቷ የቢቢሲ የዌልስ ሬዲዮ ድራማዎች ላይ መሥራት ጀመረች። ካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብታ እንግሊዝኛና ፍልስፍና ተማረች። በዚያው ዘመን ለቢቢሲ በዌልስ ፕሮግራም ታስተዋውቅ፣ ዜናም ታነብ ነበር። በ1955 የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝታ ለንደን ወደሚገኘው ወደ ራዳ ሄደች። ራዳ የእንግሊዝ ትልቁ የትወና ትምህርት ቤት ነው ብል ብዙ የሚከራከረኝ አይኖርም። በኋላ ስመ ጥር ተዋናይት የሆኑት ግሌንዳ ጃክሰንና ዳያና ሪግ በአንድ ዘመን አብረዋት ነበሩ። እዚያ ሳለች የኖርዌዩን ጸሐፌ ተውኔት የኢብሰንን «ሄዳ ጋብለር» ተጫውታ የትምህርት ቤቱን የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደች። ገና ተማሪ እያለች ከአሜሪካ የፊልም ውል መጣላት፤ አንድ አይደለም፣ ሦስት። ሁሉንም እምቢ አለች። መድረክ ነበር የፈለገችው።

ድምፅዋን ላልሰማ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ወፍራም ነው፤ ግን አይጎረብጥም። ስትናገር አትቸኩልም። ቃሉን እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ ትጠራዋለች፤ ቋንቋን በጆሮው የተማረ ሰው እንደሚያደርገው። ይሄ የራሴ ግምት ነው። ግን ያን ሬዲዮ ከዚያ ድምፅ መለየት አልችልም።

በ1959 መጨረሻ ፒተር ኦቱልን አገባች። ያኔ እሱ ገና የመድረክ ተዋናይ ነው። በሦስተኛው ዓመት «የአረቢያው ሎውረንስ» የተባለው ፊልሙ ወጣና ሰማያዊ ዓይኑ ዓለምን ሞላው። ኬት እና ፓትሪሺያ የሚባሉ ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። ሻን መሥራቷን አላቆመችም፤ ግን ብዙ ሰው የሚያውቃት «የኦቱል ሚስት» ተብላ ነበር። ስለ መጠጡ፣ ስለ ጠባዩ፣ የሷ ሥራ ሁሌ ሁለተኛ ስለመሆኑ በ2001 በወጣው ሁለተኛው የግለ ታሪክ መጽሐፏ በግልጽ ጽፋለች። አትራገምበትም። የሚገርመኝ ይሄ ነው።

አብረው የሠሯቸው ፊልሞችም አሉ። በ1964 የወጣው «ቤኬት» ላይ እሱ ንጉሥ ሄንሪ ነው። የዌልሱ ልጅ ሪቻርድ በርተን ደግሞ ቤኬት። ሻን የቤኬትን ውሽማ ግዌንዶሊንን ሆና ትጫወታለች። ንጉሡ ውለታውን ቆጥሮ እሷን ከወዳጁ ይጠይቃል፤ እሷም ራሷን ትገድላለች። ባል ሚስቱን ከሌላ ሰው እጅ የሚነጥቅበት ትዕይንት መሆኑ ነው። በ1969 «ጉድባይ ሚስተር ቺፕስ» ላይ ኡርሱላ ሞስባንክ የምትባል ብልጭልጭ የመድረክ ኮከብ ሆነች፤ ጎልደን ግሎብ ለሚባለው የአሜሪካ የፊልም ሽልማትም ታጨች። ያም ሆኖ ስሟን የተከለው ፊልም አይደለም። ቴሌቪዥን ነው።

ያ የሆነው አርባዎቹን ከጀመረች በኋላ ነው። በ1975 መጨረሻ ቢቢሲ የደቡብ ዌልስ ከሰል ቆፋሪ ቤተሰብን ታሪክ በስድስት ክፍል አቀረበ፤ «ሃው ግሪን ዋዝ ማይ ቫሊ» ይባላል። በ1941 ሆሊውድ ይህንኑ ታሪክ ሲሠራ የዌልሱን ሸለቆ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነበር የገነባው። በቢቢሲው ሥራ ላይ አባትየው ስታንሊ ቤከር ነው፤ ራሱ የሮንዳ ሸለቆ ልጅ። በ1976 ገና በ48 ዓመቱ ሞተ። እናትየው ቤዝ ሞርጋን ሻን ናት። ይህቺን ሴት ለመጫወት ብዙ ጥናት አላስፈለጋትም ብዬ እገምታለሁ፤ እንዲህ ካሉ እናቶች መሀል ነው ያደገችው።

ያቺ እናት ከስክሪኑ በወረደች በዓመቱ ውስጥ ሻን ፍጹም ተቃራኒዋን ይዛ መጣች።

ሴፕቴምበር 1976 ቢቢሲ ሁለት የሚባለው ጣቢያ «አይ፣ ክላውዲየስ» የተባለውን ተከታታይ ድራማ ጀመረ። «እኔ ቀላውዴዎስ» እንደማለት ነው። የሮበርት ግሬቭስን ልብ ወለዶች ጃክ ፑልማን ለቴሌቪዥን ጻፈው፤ ሄርበርት ዋይዝ ዳይሬክት አደረገው። ቀላውዴዎስን መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ያውቀዋል፤ የሐዋርያት ሥራ ውስጥ አለ። የንጉሣችን የገላውዴዎስ ስምም ይኸው ስም ነው። አውግስጦስና ጢባርዮስም ቢሆኑ ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ሻን የአውግስጦስን ሚስት ሊቪያን ሆነች። ልጇ ጢባርዮስ ዙፋን ላይ እስኪወጣ ድረስ መንገድ ላይ የቆመውን ሁሉ አንድ በአንድ የምታስወግድ እናት ናት።

ሻን በኋላ እንደተናገረችው መጀመሪያ ላይ ገጸ ባህሪዋ አልገባላት ብሎ ነበር። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ የምታደርግበትን በቂ ምክንያት ልትፈልግላት ሞከረች። ለአገር ስትል ነው? ለልጇ ስትል? ልምምዱ አልሄደም። በመጨረሻ ዋይዝ ምክንያቱን ተይውና ዝም ብለሽ ክፉ ሁኚ አላት። ክፋቷ በጨመረ ቁጥር የበለጠ ታስቃለች፤ የበለጠም ታስፈራለች። ልክ ነበር። ግላዲያተሮቹን ሰብስባ የምትቆጣበት ቦታ አለ። ላለመሞት የሚያደርጉት ማጭበርበር ጨዋታውን እያበላሸው ነው ብላ ታማርራለች፤ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ጽዳት እንደምታማርር ሴትዮ። ሳቅ ይመጣብሃል። ወዲያው ደግሞ ምን እንዳለች ትዝ ይልሃል።

የአውግስጦስ አሟሟት ግን ሌላ ነው። ሽማግሌው ንጉሠ ነገሥት እየተመረዘ እንደሆነ ጠርጥሯል። ስለዚህ ከሰው እጅ አይበላም፤ ከዛፉ ላይ በገዛ እጁ የሚቀጥፈውን በለስ ብቻ ነው የሚበላው። በለስ ስል የሰሜኑን እሾሃማ ቁልቋል አይደለም፤ የመጽሐፍ ቅዱሱን ነው። ሊቪያ ምን አደረገች? ዛፉ ላይ ሄዳ ፍሬውን እዚያው መርዝ ቀባችው። ቀጥሎ አልጋው ላይ ነው። ካሜራው በአውግስጦስ ፊት ላይ ተተክሎ ይቀራል። አውግስጦስን የሚጫወተው ብራያን ብሌስድ ዓይኑን ሳይሰብር ተኝቷል። ሊቪያ አትታይም፤ ድምፅዋ ብቻ ይሰማል። ረጋ ብላ፣ እንደ አስታማሚ ሚስት፣ እኔን መስማት ነበረብህ እያለች ታወራዋለች። ወሬው ይቀጥላል። የሆነ ቦታ ላይ ሰውየው ሞቷል፤ መቼ እንደሞተ እርግጠኛ አትሆንም። ከዚያ ወጣ ስትል ለልጇ በለሱን እንዳይነካ ትነግረዋለች።

እዚያ ትዕይንት ላይ ለረጅም ጊዜ ፊቷ አይታይም። ሥራውን ሁሉ የሠራው ድምፅዋ ነው።

በኋላ ደግሞ ሊቪያ ታረጃለች። ፊቷ በሜካፕ ተጨማዶ፣ ወገቧ ጎብጦ፣ ቀላውዴዎስን እራት ትጋብዘዋለች። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የሲኦል ፍርድ አስፈርቷታል። ስትሞት አምላክ ናት ተብሎ ካልታወጀላት የሠራችው ሁሉ ይጠብቃታል። ያን ሁሉ ሰው የፈጀች ሴት እንደ ሕፃን ስትለምን ታያለህ፤ ደግሞ ታሳዝናለች። ሰው ክፉ ሆኖ ሲያሳዝን ማሳየት ቀላል ሥራ አይደለም። በ1977 የእንግሊዝ የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚ ባፍታ ምርጥ ተዋናይት ብሎ ሸለማት። ሽልማቱ ለሁለቱም ነበር፤ ለከሰል ቆፋሪዎቹ እናትም፣ ለመርዘኛዋ እቴጌም።

ትዳሩ በ1979 በፍቺ አለቀ። በዚያው ዓመት ከሷ በብዙ ዓመት የሚያንሰውን ተዋናይ ሮቢን ሳክስን አገባች፤ እስከ 1991 አብረው ኖሩ። ሥራው ግን ያኔ ነው የሰፋው። በ1979 በቀረበው የስለላ ድራማ «ቲንከር ቴይለር ሶልጀር ስፓይ» ላይ የሰላዩ የስማይሊ ከዳተኛ ሚስት አን ሆነች። ድራማው ሰባት ክፍል ነው። ሰዉ ሁሉ የአንን ስም እየጠራ ስማይሊን ሲያቆስለው ይከርማል። እሷን የምናያት መጨረሻው ላይ ነው፤ ስማይሊን ከሚጫወተው ከአሌክ ጊነስ ፊት ለፊት፣ ለጥቂት ደቂቃ። በቃ። ሌላ ተዋናይት ብትሆን ያ ሁሉ ጥበቃ ይህን ብቻ ለማየት ነበር እንዴ ያሰኝ ነበር።

ወጣት አንባቢ ምናልባት የሚያውቃት ከ1984ቱ «ዱን» ፊልም ነው። መላጣዋ እናት መነኩሴ፣ የልጁን እጅ የሕመም ሳጥን ውስጥ አስገብታ አንገቱ ላይ መርዛም መርፌ የምትደግነው፣ እሷ ናት። መርዝ መቼም አልተለያትም።

ሙዚቃዊ ቴአትር የጀመረችው ወደ ሃምሳ ስትጠጋ ነው፤ በ1980 «ፓል ጆይ» ላይ። ዘፋኝ ነኝ ባይ አልነበረችም። በ1990ዎቹ ግን ጀርመን የተወለደችውን የፊልም ኮከብና ዘፋኝ ማርሌን ዲትሪክን ሆና ለንደንን አዳረሰች። በ1999 ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ ስታቀርበው ቶኒ ለሚባለው የብሮድዌይ ቴአትር ሽልማት ታጨች። ያኔ 65 ዓመቷ ነው። በ2000 ሲቢኢ የተባለውን ኒሻን፣ በ2016 ደግሞ «ዴም» የሚለውን ማዕረግ አገኘች፤ ዴም ለወንዶቹ «ሰር» እንደሚባለው ነው። የባፍታ የዌልስ ቅርንጫፍ በስሟ የሚሰጠው ሽልማትም አለ።

የዌልስ ቋንቋ የራሱን የቴሌቪዥን ጣቢያ ያገኘው በኖቬምበር 1982 ነው። ለዚያም የዌልስ ብሔርተኛ ፓርቲ መሪ የነበረው ግዊንፎር ኤቫንስ እስከ ሞት ድረስ እጾማለሁ ብሎ መንግሥትን ማስፈራራት ነበረበት። ሻን ለባፍታ በበቃችበት ዘመን በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ የሚሠራ አንድ እንኳ ሙሉ ጣቢያ አልነበረም ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የዌልሱ ገጣሚ ዲላን ቶማስ ስለ አንዲት የባሕር ዳር መንደር የጻፈው «አንደር ሚልክ ዉድ» የሚባል ድርሰት አለ። መጀመሪያ የተጻፈው ለሬዲዮ ነው፤ ቢቢሲ በጃንዋሪ 1954 አስተላለፈው። በ1972 ፊልም ሲሆን ሻን ሚስስ ኦግሞር-ፕሪቻርድን ሆነች። ሴትዮዋ በጽዳት አባዜ የተያዘች ናት፤ የሞቱ ሁለት ባሎቿን እንኳ በሕልሟ ጠርታ የቤት ሥራቸውን ታስቆጥራለች። በ2021 የለንደኑ ናሽናል ቴአትር ከኮቪድ መዘጋት በኋላ ይህንኑ ድርሰት ሲያቀርብ ታሪኩን በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አስጀመረው። ማይክል ሺን ተራኪ ሆነ። ሻንም ነበረች። በዚህ ጊዜ የተሰጣት ፖሊ ጋርተር ናት፤ ልጅ በልጅ ላይ የምትወልደው፣ ወለል እየወለወለች ለሞተው ፍቅረኛዋ የምትዘፍነው ወጣት ሴት። ሻን 88 ዓመቷ ነበር።