የራስን የሥነ ልቦና ምክር ቢሮ መክፈት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ «በአማርኛ የሚያናግረኝ አማካሪ አጣሁ» የሚል ሰው በየጊዜው ይደውልልኛል። ላይሰንስ ያላቸው ልጆቻችን ደግሞ የራሳቸውን ቢሮ መክፈት እየፈለጉ፣ በሰሙት ወሬ ወይ ይፈራሉ ወይ ሳይዘጋጁ ይገቡበታል።

«ላይሰንስ ካለኝ በቪዲዮ የትም ያለ ሰው ማየት እችላለሁ።»
ወሳኙ ደንበኛው በዚያ ሰዓት ያለበት ስቴት ነው። የቨርጂኒያ ላይሰንስ ብቻ ይዛችሁ፣ የአሌክሳንድሪያው ደንበኛችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቱ ቤት ሆኖ ቢደውል፣ ያለው ሜሪላንድ ነው። ቀጠሮውን «ዛሬ የት ነህ?» ብላችሁ ጀምሩ፤ መልሱንም መዝገቡ ላይ ጻፉት።

«ኢንሹራንስ በሰዓት ይከፍላል።»
የሚከፍለው በኮድ ነው። ከ38 እስከ 52 ደቂቃ 90834 ይባላል፤ 53 ደቂቃና ከዚያ በላይ 90837። ሁለተኛው የተሻለ ይከፈልበታል። ሆኖም 50 ደቂቃ አውርታችሁ ከተለያያችሁ «3 ደቂቃ ምን አላት» አይባልም፤ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ይመዘገባልና። እኔ ከደንበኛው ወንበር ጀርባ ትንሽ የግድግዳ ሰዓት ሰቅያለሁ። ሰው እያለቀሰ የእጅ ሰዓቴን ማየት አይሆንልኝም። ኔትወርክ ውስጥ (ኢንሹራንሱ ውል ይዞ ከሚከፍላቸው ባለሙያዎች ዝርዝር) ለመግባት ካመለከታችሁ በኋላም ወራት ሊፈጅ ስለሚችል፣ የወር ደመወዛችሁን ቶሎ አትልቀቁ።

«ለአገር ልጅ ኮፔይ መተው ደግነት ነው።»
ኮፔይ ማለት ኢንሹራንስ ያለው ደንበኛ በየቀጠሮው ራሱ የሚከፍለው ድርሻ ነው። ይሄኛው ልቤን ይነካኛል። እናቴን የሚያክሉ ሴት አልቅሰው ሲነሱ «25 ዶላር» ማለት ይከብዳል። ኮፔይን በልማድ መተው ግን ከኢንሹራንሱ ጋር የፈረማችሁትን ውል ያፈርሳል። አቅም ለሌለው ሰው ችግሩን መዝግቦ ለብቻው መወሰን ይቻላል። ኢንሹራንስ ሳይጠቀሙ ሙሉውን ከኪሳቸው ለሚከፍሉት ደግሞ እንደየገቢያቸው የሚቀንስ ዋጋ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አውጡ፤ ከ2022 ጀምሮ የወጪውን ግምት በጽሑፍ መስጠትም ግዴታ ነው።

«የገባው ሁሉ የእኔ ነው።»
ኪራዩ አለ፣ የሙያ ኢንሹራንሱ አለ። ተቀጥረን ስንሠራ አሠሪው ግማሹን ይችልልን የነበረው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር 15.3 በመቶም ሙሉ በሙሉ በእኛ ላይ ይወድቃል። ታክሱ የሚከፈለው በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ ነው።

«አበሻ ወሬ ይወጣብኛል ብሎ አበሻ አማካሪ ጋ አይሄድም።»
ፍርሃቱ እውነት ነው፤ እኔም ቢሆን እፈራ ነበር። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን አነሳዋለሁ። እናት ደውለው «ልጄ መጣ ወይ?» ቢሉኝ፣ አዋቂ ልጃቸው ካልፈቀደልኝ መጣም አልመጣም አልልም። ቤተ ክርስቲያን ወይም ሰርግ ላይ ብንገናኝ ቀድሜ ሰላም አልልም። ሰላም ካሉኝ እመልሳለሁ፤ ዝም ካሉ አልፋለሁ። ይህን ስናገር ትከሻቸው ሲላላ አያለሁ።