የተለያዩ ዘመናት የከባድ ሚዛን ቦክሰኞች ምናባዊ ግጥሚያ

ምናባዊ ግጥሚያ ሪንግ ላይ ያልተገናኙ፣ ሊገናኙም የማይችሉ ሁለት ቦክሰኞችን በሐሳብ አፋልሞ ማን እንደሚረታ መመርመር ነው። በከባድ ሚዛን ይበልጥ የተለመደው ምድቡ የላይኛው ክብደቱ ገደብ ስለሌለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 (የሚከተሉት ወራትና ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጄምስ ኮርቤት በ5 አውንስ ጓንት ጆን ሱሊቫንን በ21ኛው ዙር ከዘረረበት ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ያሉት ሻምፒዮኖች ሁሉ፣ 84 ኪሎ የሚመዝነውም 125 ኪሎ የሚመዝነውም፣ በአንድ ስም ይጠራሉ። ክርክሩ ፍሬ የሚያፈራው ግን ከፍልሚያው በፊት ሦስት ነገሮች ከተወሰኑ ነው፤ የትኛው ቀን፣ በየትኛው ሕግ፣ በምን ያህል ክብደት።

መጀመሪያ የሚወሰነው ቀኑ ነው። «ሙሐመድ አሊ» ማለት አንድ ቦክሰኛ ማለት አይደለም። በኅዳር 1966 ክሊቭላንድ ዊሊያምስን በ3 ዙር የጨረሰው አሊ በእግሩ የሚኖር ሰው ነበር። በጥቅምት 1974 ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን በ8ኛው ዙር የዘረረው ደግሞ ገመድ ተደግፎ ምት እየተቀበለ የሚያደክም ሌላ ሰው ነው፤ በመካከላቸው ከመጋቢት 1967 እስከ ጥቅምት 1970 ድረስ ያልተፋለመባቸው ዓመታት አሉ። ስለዚህ ስም ብቻ መጥራት አይበቃም፤ ቦክሰኛው የተፋለመበትን አንድ የታወቀ ምሽት መምረጥ ያስፈልጋል። ዘመናት በእውን የተሻገሩባቸው ፍልሚያዎች የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው። ጄምስ ጄፍሪስ ከ6 ዓመት ዕረፍት በኋላ በ1910 ከጃክ ጆንሰን ጋር ቀርቦ በ15ኛው ዙር ተሸነፈ። ጆ ሉዊስ በ37 ዓመቱ በ1951 በሮኪ ማርሲያኖ በ8ኛው ዙር ተሸነፈ። አሊ በ1980 በላሪ ሆልምስ ተደብድቦ ከ10ኛው ዙር በኋላ በጥጉ ያሉት ረዳቶቹ ፍልሚያውን አስቆሙት። ከእነዚህ ውጤቶች ተነሥቶ «አዲሱ ዘመን ይበልጣል» ብሎ መደምደም የሰው ዕድሜን ከዘመን ብልጫ ጋር ማምታታት ነው።

ቀጥሎ ሕጉ ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። የሻምፒዮና ፍልሚያ ለረጅም ጊዜ 15 ዙር ነበር። በኅዳር 1982 ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ ላስ ቬጋስ ላይ በተደረገ ፍልሚያ በደረሰበት ጉዳት ከሞተ በኋላ አንዱ የዓለም ድርጅት ከ1983 ጀምሮ ወደ 12 ዝቅ አደረገው፤ ሌሎቹም እስከ 1988 ድረስ ተከተሉት። ሦስት ዙር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ማርሲያኖ በመስከረም 1952 ፊላደልፊያ ውስጥ ቀበቶውን ከጀርሲ ጆ ዋልኮት የወሰደው በ13ኛው ዙር በአንድ ቀኝ ምት ነው፤ እስከ 12ኛው ዙር መጨረሻ በሦስቱም ዳኞች ወረቀት የሚመራው ዋልኮት ነበር። ሉዊስም በሰኔ 1941 ቢሊ ኮንን የዘረረው በ13ኛው ዙር ነው፤ በዚያች ሰዓት ኮን በሁለት ወረቀት ይመራ ነበር፣ በአንዱ እኩል ናቸው። በዛሬው ሕግ የማርሲያኖ 49 ያለሽንፈት የሚባለው መዝገብ ላይኖር ይችል ነበር። እዚህም ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ 12 ዙር መሆኑን የሚያውቅ ቦክሰኛ ጉልበቱን የሚያከፋፍለው በሌላ መንገድ ስለሆነ፣ የድሮውን ፍልሚያ 12ኛው ላይ ቆርጦ ውጤት ማወጅ ስህተት ነው። የሚሻለው ከመነሻው ዙሩን ወስኖ ሁለቱም ያንን አውቀው እንደገቡ ማሰብ ነው።

የወደቀን ሰው የሚመለከተው ደንብም የዙሩን ያህል ይከብዳል። ጃክ ዴምፕሲ በሐምሌ 1919 ቶሌዶ ውስጥ ጄስ ዊላርድን በመጀመሪያው ዙር ብቻ 7 ጊዜ ሲጥለው አጠገቡ ቆሞ ገና ሲነሣ ይመታው ነበር። ያኔ የጣለው ሰው ቆጠራው ሲካሄድ ወደ ገለልተኛ ጥግ፣ ማለትም የሁለቱም ቦክሰኞች ወዳልሆነ ጥግ፣ የመሄድ ግዴታ አልነበረበትም። ግዴታው በነበረበት በመስከረም 1927 ቺካጎ ላይ ዴምፕሲ ወደ ጥጉ ለመሄድ ሲዘገይ ቆጠራው ዘገየ፤ ወድቆ የነበረው ጂን ተኒም ከ10 ሰከንድ በላይ አግኝቶ ተነሣ፣ በነጥብም አሸነፈ። ዴምፕሲን ወደ ዛሬ ማምጣት ከትልልቅ መሣሪያዎቹ አንዱን መንጠቅ ነው። ጓንቱም አድጓል፤ ዛሬ በከባድ ሚዛን 10 አውንስ፣ 280 ግራም ገደማ፣ ይደረጋል።

ክብደትን በተመለከተ ማርሲያኖ ከዋልኮት ጋር ሲፋለም 83.5 ኪሎ ነበር፣ የክንዱ ስፋት (ሁለቱ እጆች ተዘርግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ) 173 ሳንቲ ሜትር። ዛሬ ከባድ ሚዛን የሚባለው ከ90.7 ኪሎ በላይ ስለሆነ እሱም ዴምፕሲም ከአንድ ምድብ በታች ይቀመጡ ነበር። ከነሱ ጋር የሚፋለመው ሌኖክስ ሉዊስ ከሆነ ቁመቱ 196፣ የክንዱ ስፋት 213 ሳንቲ ሜትር ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ማለት አጭሩ ሰው አንድ ምት ለማሳረፍ በሌላው ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚሰነዘር ፈጣን ቀጥተኛ ምት) ክልል ውስጥ ተጨማሪ እርምጃ መራመድ አለበት ማለት ነው፤ ይህ በየዙሩ ይደጋገማል። ሆኖም ግዝፈት ብቻውን አይፈርድም። ኦሌክሳንደር ኡሲክ ቁመቱ 191፣ ክንዱ 198 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ልክ እንደ አሊ ማለት ነው፣ በ2024 ከእሱ በብዙ ኪሎ የሚከብደውን የ206 ሳንቲ ሜትሩን ታይሰን ፊዩሪን ሁለት ጊዜ በነጥብ ረታ። ይህ በሁለቱ ዘመናት መካከል ያለ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ይመስለኛል፤ የአሊ ቁመና ያለው ሰው ዛሬም ግዙፎቹን ይረታልና።

ቀላሉ ወጥመድ ውጤትን እንደ ሰንሰለት መቀጠል ነው። ኬን ኖርተን በመጋቢት 1973 አሊን አሸነፈ፣ መንጋጋውንም ሰበረው። ፎርማን በመጋቢት 1974 ኖርተንን በ2 ዙር ጨረሰው። በዚያው ዓመት ግን አሊ ፎርማንን ዘረረ። ፎርማን ጆ ፍሬዘርን በጥር 1973 ስድስት ጊዜ ጥሎታል፤ ያው ፍሬዘር ከሁለት ዓመት በፊት አሊን በነጥብ አሸንፎ ነበር። የአፋላለም ስልት ክብ እንጂ መሰላል አይሠራም፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ማን ይበልጣል» ሳይሆን «የዚህ ሰው ምት የዚያን ሰው ክፍተት ያገኛል ወይ» የሚለው ነው።

የድሮ ፊልም ሲታይም ዓይን ይታለላል። የድምፅ አልባው ዘመን ካሜራ በእጅ ይዞር ስለነበር በሰከንድ 16 ያህል ምስል ያነሣ ነበር፤ ያ ቅጂ በ24 ሲታይ እንቅስቃሴው አንድ ተኩል ጊዜ ፈጥኖ፣ ቁርጥርጥ ብሎ ይታያል። ቦክሰኛውን ከእውነቱ የፈጠነ፣ ደግሞም የተንቀዠቀዠ ያስመስለዋል። ፍጥነቱ ያልታረመ ቅጂ ላይ ተመሥርቶ መፍረድ አይገባም። የምት ቆጠራን በኮምፒዩተር የመመዝገብ ልማድም በ1985 የተጀመረ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ላሉት የሚጠቀሰው ቁጥር ከፊልም ኋላ የተቆጠረ ነው።

ይህን ሁሉ ለማሽን ለመስጠት የተሞከረው በ1967 ነው። ማያሚ የሚኖረው የሬዲዮ አዘጋጅ ሙሬይ ዎሮነር 16 ሻምፒዮኖችን በኤንሲአር 315 ኮምፒዩተር አፋለመ፤ ማርሲያኖ በፍጻሜው ዴምፕሲን ረታ። አሊ በጄፍሪስ ተሸንፈሃል ሲባል ስሜ ጠፋ ብሎ የ1 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። በ1969 ራሱ አሊና ጡረታ የወጣው ማርሲያኖ ሪንግ ውስጥ ገብተው 70 ገደማ የአንድ ደቂቃ ዙር ቀረጹ፣ የተለያዩ ፍጻሜዎችም ተቀረጹ። ማርሲያኖ ነሐሴ 31 ቀን 1969 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ፊልሙ በጥር 1970 ሲታይ በ13ኛው ዙር እሱ ያሸንፋል። ለአውሮፓ በቀረበው ቅጂ ደግሞ አሊ ያሸንፋል። የማሽኑ ድካም ግልጽ ነው፤ የተሰጠው ግምት የሰው ግምት ነው፣ ሒሳቡም የተሰጠውን ከማሻሸት አያልፍም።

በብዛት የሚነሣውን ጥያቄ በዚህ መንገድ እንየው፤ የኅዳር 1966ቱ አሊ፣ ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ከዘረረው የሰኔ 1988ቱ ማይክ ታይሰን ጋር፣ በ12 ዙርና በ10 አውንስ ጓንት። አሊ 96.5 ኪሎ፣ ታይሰን 99፤ ክንድ 198 ለ180። የታይሰን መንገድ ጭንቅላቱን እያወዛወዘ ከጃቡ ሥር ገብቶ ሰውነት ላይ መጀመርና ግራ ሁክ (ክንድ አጥፎ ከጎን የሚሰነዘር የግራ ምት) ማስከተል ነው። ይህ ምት አሊን ያገኛል፤ ሄንሪ ኩፐር በ1963፣ ፍሬዘር በ1971 በግራ ሁክ ጥለውታልና። ሁለቱም ጊዜ ግን ተነሥቷል። በሌላ በኩል ታይሰን በ1987 ከጄምስ ስሚዝና ከቶኒ ታከር ጋር 12 ዙር ሲሄድ የተቸገረው የሚያቅፍና የሚሸሽ ረጅም ሰው ስለገጠመው ነው። አሊ ከሁለቱም በእግር ይፈጥናል፤ ተጠግቶ ሲመጣበትም ማጅራት ይዞ ወደ ታች መጎተት ልማዱ ነበር።

እንግዲህ ፍርዱ በመሐል ዳኛው ላይ ይንጠለጠላል። ማጅራት መያዝን ከመጀመሪያው ዙር በማስጠንቀቂያ፣ ከዚያም ነጥብ በመቀነስ የሚያስቆም ዳኛ ከሆነ፣ ታይሰን እስከ 5ኛው ዙር ድረስ እውነተኛ ዕድል አለው። የሚታገሥ ዳኛ ከሆነ ግን የታይሰን ጥቃት በየጊዜው ይቋረጣል፣ ከ6ኛው ዙር በኋላም አሊ በጃብ እየመራ በነጥብ ወይም ወደ መጨረሻው በቴክኒክ ዝረራ፣ ማለትም ዳኛው ፍልሚያውን ሲያስቆመው፣ ያሸንፋል።